ጥንድ ኤስ መቼ ይጣላል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድና በሦስት ዶላር የግዴታ መደብ በሚጀመር የቴክሳስ ሆልደም ፖከር ጠረጴዛ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይይዛል፤ አምስት ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛው ላይ ይከፈታል፦ መጀመሪያ ሦስት (ፍሎፕ)፣ ከዚያ አንድ (ተርን)፣ በመጨረሻም አንድ (ሪቨር)። ወዳጆቼ ከጨዋታ ሲነሡ ይደውሉልኝና የተበሉበትን እጅ ይተርኩልኛል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሰውየው ብቻ ይለያያል። ስለዚህ የካርታ ደረጃንና የመቀመጫን ጥቅም ለሚያውቅ ሰው ይህን ጻፍኩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ እለምናለሁ። እጃችሁን ስትተርኩ የሁለታችሁም ቺፕስ ስንት እንደነበር ተናገሩ። በ60 ዶላር ጥንድ ኤስ ላይ የተበላና በ600 ዶላር የተበላ ሰው ጥፋታቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጭራሽ አላጠፋም። የቺፕሱን መጠን ሳይነግረኝ «ልክ ነበርኩ ወይ?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ነገር የለኝም።

ምልክት፦ ከፍሎፕ በፊት ጥንድ ንጉሥ ይዛችሁ ጥንድ ኤስ ገጠማችሁ።
ብልሽት አይደለም። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ጥንድ ንጉሥ ስትይዙ ከሌሎቹ አንዱ ጥንድ ኤስ የሚይዝበት ዕድል ከመቶ 4 ያህል ነው። ክፈሉና ቀጥሉ።

ምልክት፦ ሦስት ስድስታችሁ በሦስት አሥር ተበላ።
ይህም ብልሽት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ፖከር ተከታታይ ውድድር ዋናው ጨዋታ ላይ አራት ኤስ የያዘ ሰው በዳይመንድ ሮያል ፍላሽ ተሸንፎ ወጥቷል። ያንን እጅ መጣል የሚችል ሰው የለም፤ መጣልም የለበትም።

ምልክት፦ ጠረጴዛው ላይ ከተከፈተው ሁሉ የሚበልጥ ጥንድ ይዛችኋል። ሲከፍል ብቻ የቆየ ዝምተኛ ሰው ተርን ላይ ጨመረባችሁ፤ ከፈላችሁ። ሪቨር ላይ የቀረውን ሁሉ ገፋ፤ ከፈላችሁ። ተበላችሁ።
ስልኬን የሚያስጠራው ይህ ነው።

እኔም ተበልቼበታለሁ። ከፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ 400 ዶላር ይዘዋል፤ እኔ ከዚያ በላይ አለኝ። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አንድም ጊዜ ሲጨምሩ አላየኋቸውም። ጥንድ ኤስ መጣልኝና 15 ዶላር አደረግኩ። እሳቸውና ሌላ አንድ ሰው ከፈሉ። ፍሎፑ ንግሥት፣ 9፣ 4፤ ፍላሽ የሚያሰጋ ነገር የለውም። 30 መደብኩ፤ ሽማግሌው ብቻ ከፈሉ። መደቡ (መሐል የተከማቸው ገንዘብ) 109 ደረሰ። ተርኑ 7 ሆነ። 70 መደብኩ። ሽማግሌው ካርታቸውን ዳግመኛ እንኳ ሳያዩ 210 አደረጉት። እኔ ጥቂት ዝም አልኩና 140 ጨምሬ ከፈልኩ። ሪቨሩ 2። የቀራቸውን 145 ገፉት። ከፈልኩ። ጥንድ 4 አሳዩኝ፤ ከፍሎፑ 4 ጋር ሦስት።

ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ ቆጠርኩት። ተርን ላይ 140፣ ሪቨር ላይ 145፣ በድምሩ 285 ዶላር ከፍዬ የምጫረተው ለ819 ዶላር መደብ ነበር። ይህ ክፍያ እንዲያዋጣ ከመቶ 35 ጊዜ ማሸነፍ ነበረብኝ። ሽማግሌው ምን ሊይዙ ይችሉ ነበር? ጥንድ 9 በሦስት መንገድ፣ ጥንድ 4 በሦስት መንገድ፣ ጥንድ 7 በሦስት መንገድ፤ አንድ ዓይነት (ለምሳሌ ሁለቱም ስፔድ) የሆኑ ንግሥትና 9 ደግሞ በሁለት መንገድ። የሚበልጡኝ 11 ናቸው። ከእኔ የሚያንሰው ዋናው እጅ ንጉሥና ንግሥት ነው፤ እሱ በ12 መንገድ ይመጣል። 35 ከመቶ ለመድረስ ሽማግሌው ከእነዚህ 12ቱ ቢያንስ ስድስቱን ይዘው 210 የሚያደርጉ ሰው መሆን ነበረባቸው። ሌሊቱን ሙሉ ያልጨመሩ ሰው በአንድ ጥንድ ንግሥት በድንገት 210 ዶላር አያደርጉም። ይህን ለማወቅ ወረቀት አያስፈልግም ነበር፤ ለሁለት ሰዓት ተኩል ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነግረውኛል።

መንስኤው ለእጃችሁ ከፍሎፕ በፊት ያወጣችሁለት ስም ነው። «ጥንድ ኤስ» ብላችሁ ትሰይሙታላችሁ፤ አምስት ካርታ ከተከፈተ በኋላም ስሙን አትቀይሩም። ጥንድ ኤስ ማንኛውም የዘፈቀደ ሁለት ካርታ ከያዘ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከመቶ 85 ጊዜ ያሸንፋል። ተርን ላይ የሚጨምር ዝምተኛ ሰው ግን የዘፈቀደ ካርታ የያዘ ሰው አይደለም። እሱ ፍሎፑን አይቶ ከፍሏል፤ ተርኑን አይቶ ጨምሯል፤ የእናንተንም ጥንካሬ አይቶ አልፈራም። በዚያ ሰዓት እጃችሁ «አንድ ጥንድ» ይባላል።

አንድ ወዳጄ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይጫወታል። 10፣ 9 እና 8 በተከፈተበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ስፔድ ሆነው፣ በጥንድ ኤስ 520 ዶላር ተበላ። ሲደውልልኝ ገና ከመኪና ማቆሚያው አልወጣም። «ጋሼ፣ ኤስ እኮ ነው!» አለኝ። «ሰውየው ሲጨምር ምን የያዘ መሰለህ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «አላሰብኩም» አለ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰገንኩት። ሌሎቹ «ማስፈራራት መሰለኝ» ይላሉ፤ እንዲያ የመሰላቸው ግን ከተበሉ በኋላ ነው።

መፍትሄው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቺፕስ ከመንካታችሁ በፊት ይጠየቃል፦ ከእኔ ያነሰ የትኛው ካርታ ነው ይህን ያህል የሚጨምር? መልሱ በስም ይሁን። «የሆነ ነገር» መልስ አይደለም። ንጉሥና ንግሥት፣ ጃክና 10 እያላችሁ ጥሩት፤ ከዚያ ይህ ሰው፣ ይኸው የተቀመጠው ሰው፣ በእነዚህ ሲጨምር አይታችሁት ታውቃላችሁ ወይ? አንድም ስም ካልመጣላችሁ ጣሉት። ከመጣላችሁ ዋጋውን ተመልከቱ፤ የመደቡን ግማሽ ከመደበባችሁ ከመቶ 25 ጊዜ፣ ሙሉውን ከመደበባችሁ ከመቶ 33 ጊዜ፣ እጥፉን ከመደበባችሁ ከመቶ 40 ጊዜ ማሸነፍ አለባችሁ።

ውሳኔው ተርን ላይ ነው። «አሁን ልክፈል፣ ሪቨር ላይ እጥላለሁ» የሚል ሰው ሪቨር ላይ ሲጥል አይቼ አላውቅም። 140 ከፍሎ 145 ሲጠየቅ «ይህን ያህል ገብቼ» ይላል። የገባው ገንዘብ ያንተ አይደለም፤ መደቡ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ መድኃኒት ለዝምተኛ ሰው ነው። በየሁለተኛው እጅ ለሚጨምር ወጣት ጥንድ ኤስ መጣል ሌላ በሽታ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ ተምራችሁ ያንን ብታደርጉ አዝናለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመደቡን ሩብ የመደበባችሁን ሰው ሸሽታችሁ አትጣሉ። ከስድስት አንዴ ብታሸንፉ ያዋጣችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የጣላችሁትን ኤስ ለጠረጴዛው አታሳዩ። እኔ አንድ ቀን አሳየሁ፤ የዚያን ሌሊት ቀሪ ሰዓት እያንዳንዱ ሰው እየገፋ ሲያስጥለኝ አደረ። ጥሩ መጣል በጸጥታ የሚደረግ ነው።

ምልክት፦ ፍላሽ ይዛችኋል፤ ሪቨሩ ጠረጴዛው ላይ ያለ አንድ ካርታን አጣመረ፤ ሲከፍል ብቻ የመጣው ሰው ሁሉንም ገፋ።
ፉል ሃውስ ነው። ትንሽ ፍላሽ ወዲያው ይጣላል። በኤስ የሚመራ ፍላሽ ደግሞ ጥያቄው ይጠየቅበት፤ ከእናንተ ያነሰ ፍላሽ ይዞ ሁሉንም የሚገፋ ሰው ነው ወይ? ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ አይገፉም።

ምልክት፦ ፉል ሃውስ ይዛችሁ ተበላችሁ።
ጠረጴዛው ላይ 7፣ 7፣ ንጉሥ፣ ንጉሥ ተከፍቶ በእጃችሁ ኤስና 7 ከሆነ፣ ንጉሥ የያዘ ሁሉ ይበልጣችኋል። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትጨምሩበት።

ምልክት፦ ሽልማቱ የትልቅ ውድድር መግቢያ ቲኬት በሆነ ማጣሪያ ውድድር ላይ ከፍሎፕ በፊት ጥንድ ኤስ ይዛችሁ ተበላችሁና ያለ ቲኬት ወጣችሁ።
እኩል ዋጋ ያላቸው 10 ቲኬቶች አሉ፣ የቀራችሁት 11 ናችሁ እንበል። ቺፕሳችሁ ብዙ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ዙር እንኳ የማያቆይ ቺፕስ ይዞ እየተጨነቀ ነው። እናንተን ማስወጣት የሚችል ሌላ ባለ ብዙ ቺፕስ ሁሉንም ሲገፋባችሁ ጥንድ ኤሱን ጣሉት። እዚያ ብዙ ቺፕስ ይዞ የጨረሰና በአንድ ቺፕስ የጨረሰ ሰው የሚወስዱት ቲኬት አንድ ነው። ከፍሎፕ በፊት ጥንድ ኤስ የምጥልበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።