ስለ አዋሽ ውሃ ስናስብና ስናቅድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ነሐሴ ላይ ግንፍሌ ድልድይ ጋ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ደፍርሶ፣ ፌስታልና ጠርሙስ ተሸክሞ እያጓራ ይወርዳል። ጥር ላይ ደግሞ ያው ወንዝ በድንጋይ መሀል የሚሾልክ ቀጭን ነገር ይሆናል። የምኖረው ከዚያ ድልድይ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ለጥቂት ዓመታት የሕንፃችን የውሃ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ሥራዬም ከውሃ ጥናት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የትልልቅ ዕቅዶች ሰነድ እጄ ይገባል። አንድ ነገር ደጋግሞ ያስጨንቀኛል። የሕንፃ ኮሚቴውና የተፋሰስ (ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት መሬት ሁሉ) ዕቅድ አውጪው የሚሳሳቱት ስህተት አንድ ዓይነት ነው። መጠኑ ብቻ ይለያያል።

ከተማውን ከወንዙ ለይቶ ማየት

«ውሃ ጠፋ» ስንል የሚታየን ቧንቧው ነው። ራቅ አድርጎ ያሰበ ሰው የለገዳዲን ግድብ ያነሳል። ከዚያ አያልፍም።

እንጦጦ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ግን ለሁለት ይከፈላል። ወደ ሱሉልታ በኩል የወረደው መንገዱ ወደ ዓባይ ነው። ወደ እኛ በኩል የወረደው በቀበናና በግንፍሌ አድርጎ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽ። ከዚያ ቆቃ ግድብ። ከቆቃ በታች አዳማ ይጠጣዋል፣ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ ያጠጡበታል፣ አፋር ላይ እርሻውም ከብቱም ይጠብቀዋል። ከግንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባሕር አይደርስም።

ለከተማችን ውሃ የሚሰጡት ግድቦች፣ ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ፣ ሦስቱም የዚሁ ወንዝ ራስጌ ላይ ናቸው። ስለዚህ አራት ኪሎ ላይ ቧንቧ የከፈተ ሰው የአዋሽን ውሃ ነው የከፈተው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የተወሰደ ውሃ ሁሉ ያለቀ ውሃ አይደለም። የፍሳሽ መስመር ሲነደፍ ቤት ከገባው ውሃ 80 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ይወጣል ተብሎ ነው ብዙውን ጊዜ የሚሰላው። ያ ውሃ ቆሽሾም ቢሆን ወደ አቃቂ ይመለሳል። ሸንኮራ ላይ የፈሰሰው ግን አብዛኛው በቅጠሉና በአፈሩ በኩል ተንኖ ይሄዳል። ከተማውንና እርሻውን «ይህን ያህል ወሰዱ» ብሎ በአንድ መስመር የሚደምር ሰንጠረዥ አጋጥሞኛል። ድምሩ ልክ ነው። የሚነግረን ነገር ግን ስህተት ነው፤ ከታች ላለው ሰው ምን ያህል እንደሚደርሰው አያሳይም።

የተጠቀምነውን ውሃ «የምንፈልገው» ብሎ መቁጠር

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው።

ሕንፃችን ላይ አዲስ ሮቶ ለመግዛት ተሰበሰብን። መጠኑን ለመወሰን የዓመቱን የውሃ ሂሳብ ወረቀት አወጣን። በአባወራ አካፈልን፣ ትንሽ መጠባበቂያ ጨመርን፣ ገዛን። ሮቶው በአንድ ቀን ተኩል ተሟጠጠ። ጎረቤቴ እትዬ «እኛ ስንት ቀን ነው ልብስ ይዘን እህቴ ቤት የሄድነው? እሱ እናንተ ወረቀት ላይ አለ?» አሉን። አልነበረም። በቦቴ የተገዛው ውሃም አልነበረበትም። በፈረቃ ምክንያት ሳይታጠብ የከረመው ደረጃም የለበትም። ቆጣሪው የቆጠረው የመጣውን ውሃ እንጂ የፈለግነውን አይደለም።

የተፋሰስ ዕቅድ ላይም እንዲሁ ነው። ያለፉትን ዓመታት ፍጆታ ወስዶ መስመሩን ወደ ፊት መሳብ ቀላል ነው። ነገር ግን ፈረቃ ባለበት ከተማ ያ መስመር የአቅርቦት ታሪክ ነው። ፍላጎቱ በላዩ ላይ ተደብቋል። በየግቢው የተቆፈረ የግል ጉድጓድ፣ የሆቴል ቦቴ፣ የመኪና አጣቢው በርሜል የትኛውም ቆጣሪ ላይ አይታይም። እነዚህን ሳይጨምሩ «የአንድ ሰው ፍጆታ ዝቅተኛ ነው» ብሎ መደምደም የተጠማን ሰው «ብዙ አይጠጣም» እንደማለት ነው።

የሚሻለው ከአንድ ሰው ፍላጎት ተነስቶ መሥራት ነው። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ከያዝን አንድ ሚሊዮን ሰው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ከዚያ ሆቴሉን፣ ሆስፒታሉን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ፋብሪካውን መጨመር ነው።

የሕዝቡን ቁጥር እንደ ቋሚ ነገር መያዝ

የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ ላይ የተቆጠረው 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። በየዓመቱ 4 በመቶ የሚያድግ ነገር በ18 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። 3 በመቶ ከሆነ 23 ዓመት ተኩል ያህል ይወስዳል። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ግድብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቅድ አንድ ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ይዞ መምጣት አለበት።

ሰው የሚኖርበት ቦታም ይቀየራል። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። መሀል ላይ ደግሞ ፎቅ ቤትና ቢሮ ይተካል። የመርካቶ የቀንና የሌሊት ሕዝብ አንድ አይደለም። የቧንቧው ውፍረት ግን የድሮው ነው።

በአማካይ ዝናብ መተማመን

አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። ያን ውሃ ይዞ እስከ በልግ፣ በልጉ ካልመጣም እስከ ቀጣዩ ክረምት መድረስ ያስፈልጋል። አማካዩ ይህን አያሳይም። በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ሲቀር አፋርና ምሥራቁ ምን እንደሆኑ የምናስታውስ እናስታውሳለን።

በውጭ አገርም ያለ ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰባት ግዛቶች የኮሎራዶን ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲካፈሉ የተመለከቱት መረጃ እርጥብ ዓመታት የበዙበት ነበር። በወረቀት የተከፋፈሉት ውሃ ወንዙ ከሚሰጠው በላይ ሆነ። እስከ ዛሬ እየተጨቃጨቁ ነው። ዕቅዱ የሚፈተነው በደረቁ ዓመት ነው፤ እሱን ካለፈ አማካዩን ያልፋል።

ግድቡን በተመረቀበት ቀን መጠን መቁጠር

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሐይቁ የነበረው መጠን ዛሬ የለም። ደለል ገብቶበታል። አባ ሳሙኤልም በደለልና በአረም ብዙ ተጎድቷል። ከላይ ያለው መሬት ሲታረስ፣ ዛፉ ሲቆረጥ፣ አፈሩ ይመጣል። በየጥቂት ዓመቱ የሐይቁን ወለል መለካትና ቁጥሩን ማረም ግድ ነው። ለገዳዲ አካባቢ ያለውን ተዳፋት መንከባከብም የውሃ አቅርቦት ሥራ ነው። የግብርና ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲታይ በጀቱ ይጠፋል።

የከርሰ ምድር ውሃን እንደማያልቅ ጎተራ ማየት

የአቃቂ ጉድጓዶች ይህችን ከተማ ብዙ አግዘዋታል። ነገር ግን አዲስ ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር የምንሰማው በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሰጠ ነው። የጎረቤቱ ጉድጓድ የውሃ ወለል በስንት ሜትር እንደወረደ አንሰማም። የሚያስፈልገው ይኼኛው መረጃ ነው። ወለሉ በየዓመቱ ዝቅ ካለ ከሚገባው በላይ እየቀዳን ነው ማለት ነው።

ደግሞ አቃቂ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያሉት ሰፈሮች ከእሱ በ300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ይላሉ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 300 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት የፓምፑ ብክነት ሲታከል ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ መብራት ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ውሃ የሚጠፋው ለዚህም ነው። ጉድጓድ የሚቆጥር ዕቅድ የመብራቱን ሂሳብ አብሮ ካልያዘ ግማሽ ዕቅድ ነው።

አዲስ ምንጭ እየፈለጉ የሚፈስሰውን መርሳት

ከተመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ ሂሳብ ሳይከፈልበት እንደሚጠፋ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። አንዱ ምክንያት ያረጀ ቧንቧ ነው፤ የማይሠራ ቆጣሪና ሕገወጥ መስመርም አለ። አስፋልት ሥር የሚያፈስ ቧንቧ መጠገን ሪባን አይቆረጥበትም። ግን ያ ውሃ ተጣርቷል፣ ተገፍቷል፣ መንገዱን ጨርሷል።

ጣሪያውንም አንርሳ። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ነው። ለመጠጥ ባይሆን ለመጸዳጃና ለልብስ ይበቃል። በክረምት ይህን ያህል ውሃ በየጣሪያው እየፈሰሰ ነው በሮቶ የተጣራ ውሃ የምናጠራቅመው።

መጠኑን ቆጥሮ ጥራቱን መተው

የመጨረሻው ይኼ ነው። ሰነድ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አንድ ሜትር ኩብ ነው። አቃቂ ላይ አይደለም። ከመሀል ከተማ የሚወጣው ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የፋብሪካው ኬሚካል የሚገባበት ውሃ ለቆቃ «ይህን ያህል ደረሰ» ተብሎ ይመዘገባል። ማጣሪያው ግን በየዓመቱ ይከብዳል። አንዳንዱ ብክለት ደግሞ ተጣርቶም አይወጣም። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ከመጠኑ አጠገብ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ይህ ውሃ ለምን ይሆናል? ለመጠጥ፣ ለመስኖ፣ ወይስ ለምንም?

ከአቃቂ ዳር ያሉ አትክልተኞች ሰላጣና ቆስጣ የሚያጠጡት በዚሁ ውሃ ነው። ጠዋት ታጭዶ፣ በእስር በእስር ታስሮ መኪና ላይ ይጫናል። ከሰዓት እኛ ሰፈር ጉልት ላይ ይደርሳል። ባለፈው ሳምንት እትዬ ሁለት እስር ገዝተው ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ሮቶው ባዶ ስለነበር ማጠቢያ ውሃ ከእኔ ጀሪካን ወሰዱ።