የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

«በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል አሽከርካሪ ቀጥተናል» ሲባል ከማጨብጨባችሁ በፊት እጃችሁን አውጡ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሳመላልስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የማልቀርበት ስብሰባ የለም። ክስ ቆጥሮ መንገዱ ዳነ ማለት ምጣድ ቆጥሮ እንጀራ አለ እንደ ማለት ነው።

መጀመሪያ መንገዱ በማን እጅ እንደሆነ ለዩ። የዓባይን በረሃ ተመልከቱ፦ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ የኦሮሚያ ነው፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን የአማራ። ፍሬኑ የጋለ ተሳቢ ግን የክልል ወሰን አያውቅም። ከደጀን ወዲህም ሉማሜ፣ አምበር፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ እያላችሁ ስትሄዱ ወረዳው ይቀያየራል። ትራፊኩ የሚታዘዘው ለወረዳው ወይም ለከተማው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ የዞን መምሪያና የክልል ኮሚሽን አሉ። «በሁለት ወረዳ መካከል ያለውን ማን ይዞረዋል?» በሉ። በ1929 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት አውራ ጎዳና ፖሊስ ግን የግዛቱን አውራ ጎዳናዎች የሚቆጣጠረው በአንድ ኮሚሽነር ሥር ሆኖ ነው።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነው። የካሊፎርኒያው ፖሊስ በአብዛኛው የሚተዳደረው ባለ መኪናው በየዓመቱ ለምዝገባ ከሚከፍለው ነው፤ የእኛው ከመንግሥት በጀት። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ የሚሰበስበው ዋና ሥራው ጥገና ስለሆነ «በናፍጣ ላይ ከፍለን የለም ወይ?» ብላችሁ ፖሊሱን አታፋጡት። ይልቅ የፒክአፑ ነዳጅ በየትኛው ወር እንዳለቀ ጠይቁ፤ ሰኔ ላይ መኪናው ጣቢያው ግቢ ቆሞ ከሆነ የሪፖርቱ ግማሽ ተገለጠላችሁ።

ዋናው ግምገማው ነው። ካሊፎርኒያ የክስን ብዛት ብቻ መለኪያ አድርጎ ፖሊስን መሾምም ሆነ ማውረድ በሕግ ከልክላለች። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፦ ጠዋት ከተማው መውጫ ላይ ቆሞ ቦሎና መንጃ ፈቃድ ማየት ክስ ያበዛል፤ ሰው የሚሞተው ግን ሲመሽ ቁልቁለቱ ላይ፣ ወይም በገበያ ቀን አህያና ሰው አስፋልቱን ሲሞላው ነው። ስለዚህ አደጋ የደረሰባቸውን ቦታዎችና ሰዓቶች ጠይቁ፤ ከዚያም ፖሊሱ የቆመባቸውን። ሁለቱ ካልገጠሙ ምደባው ይቀየር። ጥሪ ደርሶ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም አትርሱ።

አንዱን ጥያቄ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ደጀን ላይ ቆስሎ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በአሥረኛው ቀን የሞተ ሰው ከሟቾች ተቆጥሯል ወይስ «ከባድ ጉዳት» ተብሎ ቀርቷል? በዓለም ዙሪያ የተለመደው በ30 ቀን ውስጥ የሞተውን መቁጠር ነው። የሟች ቁጥር «ቀነሰ» ከተባላችሁም የተመላላሹ መኪና ብዛት አብሮ ይቅረብ፤ መንገዱ ጭር ብሎ ከሆነ መቀነሱ የፖሊስ ሥራ አይደለም።

መልሱን በቃለ ጉባኤው አስፍሩና ቅጂ ያዙ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ኃላፊው ተቀይሮ ይጠብቃችሁ ይሆናል።