ከብዙ ሰርቨር 10 ብቻ ስትፈልጉ

ደብረ ብርሃን ሆናችሁ የመሐል ሜዳ፣ የዓለም ከተማ፣ የሸዋ ሮቢትና የአረርቲ ቅርንጫፎችን ዳታቤዝ በአንዴ ለምትፈትሹ። ትልልቆቹን 10 ክፍያዎች ለማግኘት ሁሉን ዳታ ወደ ራሳችሁ አትጎትቱ፤ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የምትልኩት ጥያቄ) ላይ ኦርደር ባይ (ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደረድር፣ DESC ያለበት) እና ሊሚት 10 (10 ብቻ መልስ የሚል) አድርጉና እያንዳንዱ ሰርቨር እዚያው ደርድሮ የራሱን 10 ብቻ ይላክ። የመጡትን 40 እንደገና ደርድሩና የላይኞቹን 10 ውሰዱ። የሚያመልጣችሁ የለም። በራሱ ቅርንጫፍ 11ኛ የሆነ ክፍያ እዚያው የሚቀድሙት 10 አሉ፤ ታዲያ ከጠቅላላው 10 ውስጥ በምን ይገባል?

የእያንዳንዱን ደንበኛ ክፍያ ከሁሉም ቅርንጫፍ ደምራችሁ ለምትደረድሩት ግን ይህን እንዳትሞክሩት። በየቅርንጫፉ 11ኛ የወጣ ደንበኛ ሲደመር አንደኛ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሰርቨር ካልመለሰም ስሙ ከውጤቱ ጋር ይውጣ፤ የጎደለ ዝርዝር ሲያዩት ሙሉ ነው የሚመስለው።