ድረገጽ ላይ ያለው ካልኩሌተር ሲሳሳት፦ ችግርና መፍትሄ

የብድር ወይም የቫት ማስያ ድረገጽ ላይ መስራት ዛሬ ብዙ አይከብድም። ግን ሰው ያንን ቁጥር አምኖ ውል ይፈርማል። ስለዚህ ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት መልሱን በእጃችሁ የሰራችሁትን አንድ ሂሳብ አስገብታችሁ ሞክሩት። ካልገጠመ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው።

100 ሲደመር 15፣ 10015 ይላል

ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው ነገር ለጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ገጹ ሂሳቡን ለሚሰራበት የኮድ ቋንቋ፣ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። የመደመር ምልክት ደግሞ ሁለት ጽሑፍ ሲያገኝ ጎን ለጎን ይቀጥላቸዋል። ማባዛትና መቀነስ ራሳቸው ወደ ቁጥር ስለሚቀይሩት ልክ ይሆናሉ፤ ስህተቱ ቶሎ የማይታየውም ለዚህ ነው። ከማስላታችሁ በፊት «ነምበር» (Number) በሚባለው የጃቫስክሪፕት ትዕዛዝ ወደ ቁጥር ቀይሩት።

25,000 ያስገባ ሰው የ25 ብር መልስ ያገኛል

ጥፋቱ የኮማው ነው። ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሌላው ትዕዛዝ «ፓርስፍሎት» (parseFloat) ኮማው ጋ ሲደርስ ያቆማል። «ነምበር» ደግሞ ጭራሽ «ናን» ብሎ ይመልሳል፤ ቁጥር አይደለም ማለቱ ነው። ኮማውን ኮዱ ያውጣው። «ኮማ አይጻፉ» የሚል ማስጠንቀቂያ መለጠፍ መፍትሄ አይመስለኝም። ገንዘብ የሚጽፍ ሰው ኮማ መጻፉ አይቀርም።

0.1 ሲደመር 0.2፣ 0.30000000000000004 ይሆናል

ኮምፒውተሩ ቁጥር የሚይዘው በሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ስለሆነ 0.1ን በልኩ መያዝ አይችልም። ሁሉንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስሉና ለማሳየት ብቻ ለ100 አካፍሉ።

ቫት ሲወጣለት ዋጋው ያንሳል

ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ከሆነ ዕቃ ላይ 15 በመቶ ብትቀንሱ 977.50 ይመጣል። ትክክለኛው 1,000 ነው። ለ1.15 አካፍሉ።

ወርሃዊ ክፍያው ከአበዳሪው ጋር አይገጥምም

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። 100,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በ12 ወር የሚከፈል እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ወርሃዊው 9,168 ብር ነው። እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ ከታሰበ ግን 9,833.33 ይሆናል። ሁለቱም «18 በመቶ» ይባላሉ! ስለዚህ የትኛው አሰራር እንደሆነ ገጹ ላይ በግልጽ ጻፉ።

በቀሪ ዕዳ ከሆነ መጀመሪያ የዓመቱን 0.18 ለ12 አካፍሉ፤ የወሩ 0.015 ይመጣል። ከዚያ የየወሩን ሰንጠረዥ አሳዩ። በመጀመሪያው ወር 1,500 ብሩ ወለድ ነው፣ 7,668ቱ ከዋናው ዕዳ ይቀነሳል። በሁለተኛው ወር ወለዱ ወደ 1,384.98 ይወርዳል። ተበዳሪው ይህን መስመር በመስመር ካየ ከአበዳሪው ወረቀት ጋር የሚለያይበትን ወር ራሱ ያገኘዋል።

የወሩን ብዛት በጣት የሚጎተት አድርጉለት። ወደ 24 ሲጎትተው ክፍያው ወደ 4,992 ይወርዳል፤ ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ10,016 ወደ 19,818 ገደማ ያድጋል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ፣ በእኩል መጠን ጻፏቸው።