ዕቃ ስታነሱ የተጎዳው ወገባችሁ አልሻል ሲል ምን ታደርጋላችሁ?

ጀሪካን ወይም ሲሚንቶ ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሳምንት ውስጥ በጣም ይሻለዋል። ይህን የምጽፈው ግን ላልተሻላችሁ ነው። ሦስት ወር አልፏችሁ ዛሬም ጫማ ለማሰር ጎንበስ ማለት ለምትፈሩ፣ ከሚኒባስ ስትወርዱ በር ይዛችሁ ትንሽ ቆም ለምትሉ።

መጀመሪያ አጣዳፊውን ልናገር። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት አልመጣ ካለ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዛችሁ ወይም እግራችሁ እየሰነፈ ከሄደ ነገ ሳትሉ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለ ደግሞ «ዕቃ አንስቼ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አገራችን ውስጥ የአከርካሪ ቲቢ አለ። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ሁለቱም ወገብ ያሳምማሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ እፎይ በሉ። ህመሙ መቆየቱ ወገባችሁ እየፈረሰ ነው ማለት አይደለም። የተጎዳው ጡንቻና ጅማት እስካሁን በአብዛኛው ጠግጓል። የሚቀረው ብዙ ጊዜ ነርቮቹ ለትንሽ ነገር ሁሉ ማስጠንቀቅ መልመዳቸው፣ ጡንቻው በመቀመጥ ብዛት መድከሙ፣ እኛም ፈርተን ተገትረን መሄዳችን ነው። የኤምአርአይ (የሰውነት ውስጥ ምስል) ውጤታችሁ ላይ «ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) አብጧል» ስለተባለም አትደንግጡ። 40 ዓመት ካለፋቸውና ምንም ከማያማቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኤምአርአይ ቢነሱ ይኸው ይገኝባቸዋል።

ስለዚህ «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» የሚላችሁን ዘመድ በፍቅር አመስግኑና ተነሱ። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ነገሩን ያባብሳል። ዋናው መድኃኒት በየቀኑ በልክ መንቀሳቀስ ነው፣ ብዙዎቻችን የምንስተው ደግሞ ልኩን ነው። ቅዳሜ ወገብ ቀለል ይላል፣ የሳምንቱ ልብስ በሙሉ ይታጠባል፣ እሑድ አልጋ ላይ ይዋላል። ከዚያ «እንቅስቃሴ አይስማማኝም» ይባላል። ስንት ደቂቃ መራመድ እንደምትችሉ በክፉ ቀናችሁ ለኩ። 10 ደቂቃ ከሆነ ጠዋት 10፣ ማታ 10 ተራመዱ። ጥሩ ቀን ሲመጣም አትጨምሩ። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ጨምሩ። ስትራመዱ ትንሽ ቢያማችሁና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ምንም ችግር የለውም። በማግስቱ ከባሰ በግማሽ ቀንሱ እንጂ አታቁሙ።

ከዚህ ጎን አንድ ቀላል ስፖርት ያዙ። ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተኙ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እግራችሁን መሬት አስረግጡ፣ መቀመጫችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ 5 እስክትቆጥሩ ያዙና አውርዱ። 10 ጊዜ ይበቃል። ትንፋሽ አትያዙ። ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ማግኘት ከቻላችሁ ሌላውን ያሳያችኋል። ከሚያሻችሁ ይልቅ የምትሠሩትን እንቅስቃሴ የሚያሳያችሁን ምረጡ።

ከአልጋ ስትነሱ ቀጥ ብላችሁ አትቀመጡ። በጎን ተገላበጡ፣ እግራችሁን ከአልጋው አውርዱ፣ በክንዳችሁ ገፍታችሁ ተነሱ። ልብስ ስታጥቡ ሳፋውን ከመሬት አንስታችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ አድርጉት። ሽንኩርትም በርጩማ ላይ ተቆልምማችሁ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ላጡ፣ በየ20 ደቂቃውም ብድግ በሉ።

ማንሳትን ለዘላለም መሸሽ አያዋጣም፣ ሕይወታችን ዕቃ ማንሳት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ በባለ 5 ሊትሩ ጀምሩ። ግራና ቀኝ እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፣ ጀሪካኑን በመካከል አስገቡት፣ ጉልበትና ዳሌያችሁን አጥፋችሁ ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ አንሱት። መዞር ካለባችሁ በእግራችሁ ዙሩ፣ ወገባችሁን አትጠምዝዙ። ሲቀላችሁ ውኃውን ጨምሩ።

ስለ ማስታገሻ ይህን ልብ በሉ። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ለጥቂት ቀን ይረዳሉ፣ ለወራት ሲወሰዱ ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ሁለቱን ባንድ ላይ አትውሰዱ፣ በባዶ ሆድም አትዋጧቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከበላችሁ በኋላ ውሰዱ። የደም ግፊት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለባችሁና ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ሐኪም ሳያዝ አትጀምሩ። ዲክሎፌናክ ተወግቶ ወዲያው ወደ ኩንታል መመለስን የመሰለ ጥፋት የለም። ወጌሻም በስሱ ካሻችሁ ጥሩ ነው። ጀርባችሁ ላይ ልቁም ወይም ቀጭ ላድርገው ካለ ግን፣ በተለይ እግራችሁ የሚደነዝዛችሁ፣ አይሆንም በሉት።

ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ ከሆነ ዝም አትበሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን ያስገድዳል። የሐኪም ወረቀቱን ያዙ፣ ቀለል ያለ ሥራ እንዲሰጣችሁም ጠይቁ። ስግደት ከከበዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ሶላትም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰገዳል።

ህመሙ ብዙ ጊዜ ያገረሻል፣ ተዘጋጁለት። ሲያገረሽ የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የሞቀ ውኃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ወገባችሁ ላይ ያዙ። በጎን ተኝታችሁ በጉልበታችሁ መካከል ትራስ አድርጉ። ሁለት ሦስት ቀን እርምጃውንም ስፖርቱንም በግማሽ ቀንሱ፣ ከዚያ ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ። በሁለት ሳምንት ካልተመለሰ ወይም ወደ እግር የሚወርድ አዲስ ህመም ከመጣ እንደገና ታከሙ።