የግቢ በር ቦላርድ (መኪና እንዳያልፍ የሚተከል የብረት ቋሚ) ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ቋሚው ዘሟል ወይም ሲገፉት ይነቃነቃል

ጅማ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ብልሽት ይህ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የብረቱ ሳይሆን የጉድጓዱ ነው። ቀዩ አፈራችን ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ዝናቡም ረጅም ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ የቆመ ቦላርድ ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ቡና የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ ግን አይችለውም።

ዙሪያውን ሁለት ሦስት ኮብልስቶን አንስታችሁ ቋሚውን ወዝውዙት። ኮንክሪቱ አብሮ ከተንቀሳቀሰ መሠረቱ ጥልቀት የለውም። ቱቦው ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ወይ ኮንክሪቱ ተሰንጥቋል፣ ወይ ብረቱን ከሥሩ ዝገት በልቶታል። በሁለቱም ነቅሎ እንደገና መትከል ነው፤ ከላይ ሲሚንቶ መለሰን ብር ማባከን ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ከታች ጠጠር አድርጉ፣ እንዳይነቀል የቱቦው ሥር ላይ ፌሮ አጋድማችሁ በይዱ። የቱቦውንም ውስጥ በኮንክሪት ሙሉት። ከላይ ውሃ እንዳያቁር ወደ ውጭ አዝምማችሁ ጨርሱ። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት፤ መኪና ከመጠጋቱ በፊት 28 ቀን ቢጠበቅ ይመረጣል። ባለቤቱ ይቸኩላል፣ አትስሙት።

ባጃጅ በመሃል ሾልኮ ይገባል

የባጃጅ ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለኩ፤ ከመሃል እስከ መሃል የለካ ሰው ይሳሳታል። ከ1.2 ሜትር አይብለጥ፣ ዊልቸር እንዲያልፍ ደግሞ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ሞተር ሳይክል በዚህም ያልፋል፤ እሱ የጥበቃው ሥራ ነው።

ተነቃዩ ቋሚ አይገባም፣ አይወጣም

ማስገቢያው ጭቃ ሞልቶታል። ጥረጉት፤ ውሃው እንዲሰርግ ሥሩን ክፍት አድርጋችሁ ጠጠር ሙሉበት። የዛገ ጓጉንቸር ቀይሩ። ብዙ ቦታ ግን ችግሩ ሌላ ነው፦ ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ስለሆነ ቋሚው ቀኑን ሙሉ ጥበቃ ቤት ተጋድሞ ይውላል። ለተረኛው ጥበቃ አንድ ቁልፍ በፊርማ ስጡ።

አውቶማቲኩ ቋሚ፣ መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቀራል

በእጅ ማውረጃውን ለሁሉም ጥበቃ አሳዩ፤ ባትሪውንም ፈትሹ። ጉድጓዱ የውሃ መውጫ ከሌለው ክረምቱን አይዘልቅም።

ማታ ይገጩታል

አጭር ነው ወይም አንጸባራቂ የለውም። 1 ሜትር ቁመትና ቢጫ አንጸባራቂ ይበቃል።

ሻጩ «የጭነት መኪና ያቆማል» ብሏል

የሙከራ ወረቀቱን ጠይቁ። ኤም 30 የሚባለው ደረጃ 6.8 ቶን መኪና በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እየበረረ ተጋጭቶት የተፈተነ ማለት ነው። ሠፈር ውስጥ ተበይዶ የቆመ ቱቦ የሚያግዘው ለፓርኪንግና ለቀስታ ግጭት ነው።