መኪና ለጃንክያርድ ስትሰጡ ወረቀቱ ላይ አትሳሳቱ

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ስሰራ 14 ዓመት አለፈኝ። ካምቢዮው የተበላሸ ወይም የክረምቱ ጨው ሻንሲውን በልቶ የጨረሰው መኪና ሲመጣ «ከዚህ በኋላ ገንዘብ አታውጡበት፣ ለጃንክያርድ፣ አሮጌ መኪና ተፈታትቶ ለሚጨፈለቅበት ቦታ፣ ስጡት» ብዬ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ከሶስት አራት ወር በኋላ ያው ሰው «ምንድነው ይሄ የላኩብኝ?» እያለ ፖስታ ይዞ ይመጣል። ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ሰው መጣ፣ ስለዚህ በደንብ ልፃፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የታርጋው ነገር። እባካችሁ ታርጋውን ሳትመልሱ ኢንሹራንሱን አትዝጉ። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ መኪናው በጎታች ተጭኖ እንደሄደ በዛው ቀን ለኢንሹራንሱ ይደውልና ያዘጋል፣ ለማይነዳው መኪና ለምን ይክፈል፣ ሀሳቡ ይገባኛል። ግን ኢንሹራንሱ መዘጋቱን ካምፓኒው ለኤምቪኤ (የሜሪላንድ የመኪና ምዝገባ ቢሮ) በኮምፒውተር ያሳውቃል፣ ኤምቪኤ ጋ ደግሞ ታርጋው አሁንም በእናንተ ስም እንደተመዘገበ ነው ያለው፣ ስለዚህ ለእነሱ እናንተ ያለ ኢንሹራንስ መኪና የያዛችሁ ሰው ናችሁ። መኪናው ተጨፍልቆ ብረት ሆኖ ቢሆንም ማንም አልነገራቸውም። ሜሪላንድ ላይ ቅጣቱ ለመጀመሪያው 30 ቀን 200 ዶላር ነው፣ ከዛ በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን አሮጌ ካምሪውን በ300 ዶላር ሸጦ ታርጋውን እንደ ማስታወሻ ቤዝመንት ውስጥ አስቀመጠው። ሲያመጣልኝ 110 ቀን ሆኖታል፣ አብረን ቁጭ ብለን አሰብነው፣ 200 ሲደመር 80 ቀን በ7፣ ጠቅላላ 760 ዶላር! ከመኪናው ካገኘው ከሁለት እጥፍ በላይ። ያንን ሳይጨርስ ደግሞ አዲሱን መኪና ማስመዝገብ አልቻለም፣ ስራው ደግሞ መኪና ነው፣ አራት ልጅ አለው። ዝም ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ወደ ስቴቱ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ቢሮ) ይላክና 17 በመቶ ይጨመርበታል። በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም የ20 ደቂቃ ስራ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ ጎታቹ ከመምጣቱ በፊት ሁለቱንም ታርጋ በካቻቪቴ ፍቱ፣ ኤምቪኤ ውሰዱና መልሱ፣ ሪሲት ተቀበሉ፣ ሪሲቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ለኢንሹራንስ ደውሉ። በፖስታ መላክም ይቻላል፣ ግን መከታተያ ቁጥር ባለው ላኩት። ሪሲቱን አትጣሉ። የመኪናው ምዝገባ (ሬጂስትሬሽኑ) ከአንድ ዓመት በላይ ከቀረው የተወሰነ ገንዘብ ይመለሳልና ጠይቁ።

ቨርጂኒያ ያላችሁም ያው ነው፣ መጀመሪያ ዲኤምቪ (የቨርጂኒያው የመኪና ምዝገባ ቢሮ) ጋ ታርጋውን ማዘጋት ነው፣ በኦንላይንም ይሆናል። እናንተ ላይ ደግሞ የካውንቲው የመኪና ታክስ አለ፣ መኪናው መሄዱን ካላሳወቃችሁ ፌርፋክስም አርሊንግተንም ታክሱን መላክ አያቆሙም። ዲሲም ታርጋ ሳይመለስ ኢንሹራንስ ከተዘጋ ይቀጣል።

ሁለተኛው ስህተት እኔ ራሴ የሰራሁት ነው። እዚህ ሀገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ኮሮላዬን ለአንድ ጎታች መኪና ላለው ሰውዬ ሰጠሁት፣ ታይትሉን (የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት) «ሻጭ» የሚለው ላይ ብቻ ፈረምኩ፣ «ገዢ» የሚለውን «እኔ እሞላዋለሁ» አለኝ፣ እሺ አልኩ፣ 250 ዶላር በካሽ ሰጠኝ፣ ሄደ። ሰውዬው መኪናውን አላስጨፈለቀውም፣ ጠጋግኖ ለሌላ ሰው ሸጠው፣ ያኛውም ስሙን አላዛወረም። ከስድስት ወር በኋላ መኪናው የሆነ መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘና የተጎተተበትና የቆመበት ክፍያ በእኔ ስም መጣ። የገዢውን ስም አላውቅ፣ ፎቶ አላነሳሁ፣ ወረቀት የለኝ። ከፈልኩ። ስለዚህ የገዢውን ስምና አድራሻ፣ ቀኑንና ዋጋውን እናንተው ፊት ይፃፍ፣ ቢል ኦፍ ሴል (የሽያጭ ውል) ላይም ይፈረም፣ ከዛ ታይትሉን ከፊትም ከኋላም በስልክ ፎቶ አንሱት። የሚሰጧችሁ ሪሲት ላይ የመኪናው ቪን ቁጥር (የመኪናው መለያ) መኖሩን እዩ፣ «አንድ ቶዮታ» ብቻ የሚል ሪሲት አይጠቅማችሁም። ታይትል አያስፈልገኝም የሚል ገዢ ከመጣ ሌላ ፈልጉ።

ታይትል ላይ ስትሳሳቱ በነጭ ቀለም አታጥፉ፣ ወረቀቱ ይበላሻል፣ አዲስ ማውጣት ነው።

ኪሎሜትሩን፣ ማለቴ ማይሉን፣ የ2011 ሞዴልና ከዛ በኋላ ከሆነ ግድ መሞላት አለበት። ባትሪው ሳይሞት አንብቡትና ፃፉት፣ ከሞተ በኋላ ዳሽቦርዱ አይበራም፣ ስንቴ ባትሪ ይዤ ፓርኪንግ ሎት ሄጃለሁ መሰላችሁ።

የስም ነገር ለእኛ ሰው ትንሽ ይከብዳል። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ታይትሉ ላይ የለም፣ ወይ ዜግነት ሲወሰድ ስም ተቀይሯል። ታይትሉ ላይ ባለው ስም መሰረት ፈርሙ፣ የስም ለውጡን ወረቀትም ያዙ። የባልና ሚስት ስም ካለበት ሁለታችሁም ፈርሙ። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን መኪና ሊሰጡ ፈልገው ልጃቸው በአባቱ ስም ሊፈርም ሲል ደረስኩ፣ እጁን ነው የያዝኩት! የሞተ ሰው ፊርማ መፈረም ወንጀል ነው። ሜሪላንድ ላይ ካውንቲው ጋ ሬጂስተር ኦፍ ዊልስ የሚባል ቢሮ አለ፣ የሞት ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ የንብረት አስተዳዳሪነት ወረቀት ይሰጣሉ፣ በዛ ይፈረማል። እማማ ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ መኪናውን ራሴ አስጎተትኩላቸው።

ብድሩን ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ ቆይቷል? ጥሩ፣ ግን ታይትሉ ላይ የባንኩ ስም ካለ የብድር መልቀቂያውን ወረቀት አሁኑኑ ጠይቁ፣ ጎታቹ በር ላይ ቆሞ ባንክ መደወል አይቻልም።

ኢዚፓሱን (የመንገድ ክፍያ መክፈያ መሳሪያውን) ከመስታወቱ አንሱ፣ ታርጋውንም ከአካውንቱ ላይ አስጠፉ።

የመኪናውን መሳቢያም ባዶ አድርጉት። ባለፈው ዓመት ለጃንክያርድ ከሚሄድ መኪና ውስጥ የአንድ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድና የሚስቱን የኢሚግሬሽን ደብዳቤ አግኝቼ ሰውየውን ስፈልግ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ቀጠሮዋ በዛው ሳምንት ነበር።